መንገድ የጠፋበት ሾፌር

ሰውን ከልቡ የሚያናድዱ ነገሮች አፋቸው ጨዋ ነው። ኮምፒውተሬ ከእነዚያ አንዱ ነው። አይጮህም፣ አይሳደብም። አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ ያደርግና በእንግሊዝኛ «የተጠቀሰው መንገድ ሊገኝ አልቻለም» ይለኛል። ከሥሯ «እሺ» የምትል አንዲት ቁልፍ አለች። «እምቢ» የምትል የለችም። «ምን ማለትህ ነው?» የምትልም የለችም። እሺ ስል ሳጥኗም፣ ሲጫን የነበረው ፕሮግራምም፣ የዚያ ቀን ትዕግሥቴም አብረው ይጠፋሉ።

ነገሩ የመጣው ከፕሪንተር ነው። ወደ ውጭ የሚሄድ አንድ ሰው ዕቃውን ሲሸጥ ያገለገለ ፕሪንተር በርካሽ ገዛሁ። አገር ለቆ ከሚሄድ ሰው የገዛ ያውቀዋል፤ ዕቃው ሲበላሽ ሻጩ ሰማይ ላይ ነው። ሰውየው ግን ደግ ስለነበረ አንድ ሲዲ መረቀልኝ። «ድራይቨሩ እዚህ ውስጥ አለ» አለኝ። እኔ እስከማውቀው ድራይቨር ማለት ሾፌር ነው። ለፕሪንተር ደግሞ ሾፌር ምን ያደርግለታል ብዬ ሳልጠይቅ ተሰነባበትን።

ኋላ ሲገባኝ ነገሩ እውነትም ሾፌር ነው። ኮምፒውተሩ የጻፍኩትን ይዞ፣ ፕሪንተሩ ወረቀቱን ይዞ፣ ተፋጠው ይቀመጣሉ። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም። ጭነቱን ከዚያ ወደዚህ የሚያደርሰው ድራይቨሩ ነው። የእኔ ሾፌር ታዲያ ገና ሞተር ሳያሞቅ መንገድ ጠፋበት።

ላፕቶፔ ሲዲ አይጎርስም። ስለዚህ ሲዲውን በፍላሽ አስገልብጬ መጣሁና መጫን ጀመርኩ። «ኔክስት»፣ «ኔክስት»፣ «እስማማለሁ»፣ «ኔክስት»። በምን እንደተስማማሁ አላነበብኩም። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ «ስንጋባም እንዲሁ ነው የፈረምከው» አለች። አረንጓዴው መስመር ጥቂት ተጓዘና ቆመ። ሳጥኗ መጣች። መንገዱ ሊገኝ አልቻለም። እሺ።

ደገምኩት። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት። አንቲቫይረሱን ዘጋሁ። ፕሪንተሩን ሌላ ሶኬት ላይ ሰካሁ። በመጨረሻ ፕሪንተሩን በመዳፌ ሁለቴ አቀመስኩት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሃል ይኼ ነው። ፕሪንተሩ ምን አጠፋ? እሱ እኮ ከኮምፒውተሩ ጋር ገና አልተዋወቀም።

ታክሲ ማውረጃው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ አለ። ላፕቶፔን ታቅፌ ሄድኩ። የቦርሳውን ዚፕ ሳልከፍት፣ ከስልኩ ቀና ሳይል፣ «ፎርማት ይደረግ» አለኝ።

በከተማችን ለኮምፒውተር ሕመም ሁሉ የሚታዘዘው ጠበል ፎርማት ነው። ቀርፋፋ ሆነ? ፎርማት። ድምፅ የለውም? ፎርማት። ቫይረስ ገባው? ፎርማት። ቫይረስ የለውም? ለማንኛውም ፎርማት ይደረግ። መድኃኒቱ ፍቱን መሆኑን አልክድም፤ በሽተኛው ድኖ ይነሣል፣ ቤተሰቡን ግን አያስታውስም። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጽሑፌ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። አይጥ ገባ ተብሎ ቤት አይቃጠልም ብዬ ላፕቶፔን እንደታቀፍኩ ተመለስኩ።

«የእህትህ ልጅ ኮምፒውተር አይደል እንዴ የሚማረው?» አለች ባለቤቴ። እውነቷን ነው። ልጁ የሚኖረው ጀሞ ነው፤ እኛ ገርጂ። ቤት ከቀየርን ወዲህ ግን መጥቶ አያውቅም። ደወልኩለት። ስልኩን ከእጄ ነጥቃ መንገዱን እሷ ነገረችው፤ መንገድ በመንገር እኔን አታምነኝም።

«ከመገናኛ የገርጂ ታክሲ ትይዛለህ። ሰማያዊ ኮንቴይነር ስታይ ወራጅ በል። በሱ ታጥፈህ ቀጥ ብለህ ትገባለህ። ጁስ ቤት አለ፤ እሱን ትተወዋለህ። ኮብልስቶኑ የሚያልቅበት ጋ ጥቁር በር አለ። የእኛ እሱ አይደለም። ፊት ለፊቱ ያለው ነው።»

የቤት ቁጥር አጥተን አይደለም። ቁጥራችን ቆርቆሮው ላይ ተጽፎ በሩ ላይ ተመትቷል። ከቆጣሪ አንባቢው በቀር ያነበበው ሰው ግን ያለ አይመስለኝም። እኛ የምናነበው ኮንቴይነርና ጁስ ቤት ነው።

በማግስቱ ከሰዓት ልጁ ደወለ።

«ጋሼ፣ ሰማያዊ ኮንቴይነር የለም እኮ።»

«አውቃለሁ፤ ባለፈው ወር አነሡት። የነበረበት ጋ ታጠፍ።»

ዝም አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ የነበረበትን እንዴት ነው የማውቀው?» አለኝ።

ጥያቄው ትክክል ነበር። መልስ ግን አልነበረኝም። ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁና ከመንገድ ዳር ለቅሜ አመጣሁት።

እውነት ለመናገር ጥፋቱ የባለቤቴ ብቻ አይደለም። የፒያሳ አሮጌ ሠፈሮች በ2016 ዓ.ም. ከፈረሱ ወዲህ፣ የኮሪደር ልማቱም በየሠፈሩ ከገባ ወዲህ፣ አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ የሚነገረው በኃላፊ ጊዜ ነው። «ኬክ ቤቱ የነበረበት ጋ»፣ «ትልቁ ዛፍ የነበረበት ጋ»፣ «እነ እትዬ እንትና የነበሩበት ጋ»። ግማሹ ከተማ የሚኖረው ከተማው ውስጥ ነው፣ ግማሹ ትዝታችን ውስጥ።

ልጁ ተቀመጠ። ቡና ቀረበ። አቦሉን ሳይጨርስ አንድ የጽሑፍ ፋይል ከፈተ። ለካ ፕሮግራም ከመሞቱ በፊት ኑዛዜውን የሚጽፍበት ፋይል አለው፤ ሎግ ይሉታል። ከየት ተነሣሁ፣ ምን አየሁ፣ የት ደረስኩ፣ ምን ገደለኝ፣ ሁሉንም ይዘረዝራል። ጠጋኙ ልጅ ይህን ኑዛዜ ሳይከፍት ነው እንግዲህ ቀብሩን ያዘዘው።

የእህቴ ልጅ ወደ ታች ወረደና ሳቁ አመለጠው።

«ጋሼ፣ ስምዎን በአማርኛ ነው እንዴ የጻፉት?»

«እና በምን ልጽፍ ነበር?»

ይህ የኩራቴ ጉዳይ ነው። ላፕቶፑን የገዛሁ ዕለት «የሚጠቀመው ማን ነው?» ሲለኝ ስሜን በገዛ ፊደሌ ጻፍኩ። አራት ፊደል ናት። ኮምፒውተሩም «እንኳን ደህና መጣህ» ብሎ ከሥሩ ስሜን አስቀመጠ። ዓይኔ እንባ አቀረረ ብል ማጋነን ነው፤ ጎረቤት ጠርቼ ግን አሳይቻለሁ።

ጎረቤት መጥራቴ ምክንያት ነበረው። በእኛ ጊዜ ሰው በአማርኛ የጻፈውን ደብዳቤ በፍሎፒ ዲስክ ይዞ ሌላ ቢሮ ሲሄድ፣ እዚያ ያው የፊደል ፕሮግራም ከሌለ፣ «ለክቡር» ያለው የእንግሊዝኛ ፊደልና የሰረዝ ድርቆሽ ሆኖ ይከፈት ነበር። ኋላ የዓለምን ፊደላት ለእያንዳንዳቸው ቁጥር እየሰጠ የሚመዘግበው ዩኒኮድ በ1999 እንደ ፈረንጆቹ፣ በሦስተኛ እትሙ፣ የእኛንም መዘገበ። በ2007 ገበያ ላይ የዋለው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ ኒያላ የተባለ የአማርኛ ፊደል ይዞ መጣ፤ በደጋ አጋዘናችን ስም መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ፊደላችን መታወቂያ አወጣች ብዬ ነበር የማስበው።

«መታወቂያውስ አላት» አለ ልጁ። «ይኼ የፕሪንተሩ ፕሮግራም ግን የድሮ ነው፤ መታወቂያ ማንበብ አይችልም።»

የድሮው ፕሮግራም የሚያውቀው የፊደል ገበታ 256 ቦታ ብቻ አለው። ገሚሱ ገና ከጥንት በእንግሊዝኛ ፊደልና በቁጥር ተይዟል። የእኛ ገበታ ደግሞ 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ያውም ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር። እኛ ቤተ ዘመዱን ሁሉ አስከትለን ሠርግ እንደምንሄደው ነው፤ ወንበር አይበቃንም። ስለዚህ ፕሮግራሙ የማያውቀው ፊደል ሲገጥመው ለእያንዳንዱ አንድ የጥያቄ ምልክት ያስቀምጣል።

ልጁ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ስሜ የነበረበት ቦታ ላይ እንዲህ ይላል፦ ????

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ይህን ያወጣው መልአክ ግራ የገባው ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ዝም እል ነበር። በኮምፒውተሩ ሕግ ግን የጥያቄ ምልክት የፎልደር ስም ውስጥ መግባት አይችልም። ዊንዶውስ ይከለክለዋል፤ ፋይል ሲፈለግ «ማንኛውም አንድ ፊደል» ማለት ነውና። ስለዚህ እኔ በገዛ ቤቴ ውስጥ «ስሙ አራት ፊደል የሆነ ማንኛውም ሰው» ሆኜ ተገኘሁ። ሾፌሩ ይህን ይዞ «እንዲህ ያለ ሰው ቤት የት ነው?» ሲል ኮምፒውተሩ «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ አይኖርም፤ ሊኖርም አይችልም» ብሎ መለሰው። ሾፌሩም ወደቀ።

ልጁ እስኪመጣ እኔም ያለ ሥራ አልቆየሁም ነበር። ሦስት ዘዴ ሞክሬያለሁ። ሦስቱንም ስነግረው እየራራልኝ ሰማኝ።

አንደኛ፣ ፕሮግራሙ ዲ ድራይቭ ላይ እንዲጫን ነግሬዋለሁ። «መድረሻውን ነው የቀየሩት ጋሼ፤ ማራገፊያውን አይደለም» አለኝ። እነዚህ መጫኛዎች ታስረው የመጡትን ፋይሎች መጀመሪያ የሚፈቱት ቴምፕ በሚባል ጊዜያዊ ፎልደር ነው። እሱ ደግሞ ያለው በሲ ድራይቭ፣ ዩዘርስ በሚለው ውስጥ፣ በስሜ ውስጥ፣ አፕዳታ በሚባል የተደበቀ ጓዳ ውስጥ፣ ሎካል በሚባለው ውስጥ ነው። ዕቃው ዲ ቢደርስም ባይደርስም መጀመሪያ በእኔ ግቢ ያልፋል።

ሁለተኛ፣ መጫኛውን ከፍላሹ አውጥቼ ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ዓይኔ ሥር ሲሆን አይሞትም ብዬ። ለካ ዴስክቶፕ የሚባለው ራሱ ስሜ ያለበት ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ አንድ ክፍል ነው። ከግቢዬ ሸሸሁ ብዬ ሳሎኔ ገብቻለሁ።

ሦስተኛ፣ ስሜን በእንግሊዝኛ ቀይሬዋለሁ። በዚህ እንኳ እመሰገናለሁ ብዬ ነበር። «ስሙ ተቀየረ እንጂ ፎልደሩ አልተቀየረም» አለኝ። ኮምፒውተሩ መግቢያው ላይ በአዲሱ ስም ይጠራኛል፤ ከውስጥ ግን ፎልደሩ መጀመሪያ የተሰየመበትን እንደያዘ ይኖራል። ይህ ወዲያው ገባኝ። መስቀል አደባባይን ደርግ «አብዮት አደባባይ» አለው፤ ሥርዓቱ ሲያልፍ ወደ መስቀል ተመለሰ። ዛሬም ግን ታክሲ ውስጥ «አብዮት ወራጅ» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። ኮምፒውተሬም እንደዚያ ሽማግሌ ነው። ሰሌዳ ቢቀየር ምላሱ አይቀየርም።

«ሳጥኗ አልተገኘም ያለችው መንገድ፣ ፓዝ የሚሉት፣ የዘር ሐረግ ማለት እኮ ነው» አለኝ ልጁ ሁለተኛውን ስኒ ሲቀበል። ይህንን ወደድኩለት። እኛ ሰው ስንጠራ ከልጁ ተነሥተን ወደ አባት፣ ከአባት ወደ አያት እንወጣለን። ኮምፒውተር ከአያት ተነሥቶ ወደ ልጅ ይወርዳል። መነሻውን ሥር ይሉታል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ያሉት አባቶቻችን ፎልደር ባያውቁም አሠራሩ ገብቷቸው ነበር። በሐረጉ መሐል አንድ ስም ከጠፋ ግን ከሱ በታች ያለው ሁሉ ወላጅ አልባ ነው። የእኔ ሾፌር አፕዳታን አላጣም፣ ቴምፕን አላጣም፤ ያጣው ከላይ የቆመውን አባወራ፣ እኔን ነው።

ለሐረግ ደግሞ ልክ አለው። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ዊንዶውስ የሚቆጥረው ፊደል ነው። ከድራይቩ ስም ጀምሮ እስከ መጨረሻው አንድ ላይ 260 ሲሞላ ይበቃኛል ይላል። በ2016 እንደ ፈረንጆቹ የወጣ የዊንዶውስ 10 እትም ይህን ገደብ ለማንሣት ፈቃድ ሰጥቷል፤ ግን ፈልጎ የሚያበራው ሰው ያስፈልገዋል፣ የድሮ ፕሮግራሞችም አዋጁን አልሰሙም።

ይህን ሲነግረኝ ዓይኔን ወደ ሲኒው ዝቅ አደረግኩ። እኔ ኮምፒውተር በቀየርኩ ቁጥር የቀድሞውን እንዳለ ገልብጬ «የድሮው ኮምፒውተር» የሚል ፎልደር ውስጥ እከተዋለሁ። በውስጡ ከሱ በፊት የነበረው «የድሮው ኮምፒውተር» አለ። በሱም ውስጥ ሌላ። ከታች ከታች «የመጨረሻ»፣ በውስጡ «የመጨረሻ የታረመ»፣ በውስጡ «ይኼኛው ነው» የሚል አለ። አንዳንዱን ልገለብጥ ስል «ስሙ ረዘመ» ብሎ የሚያባርረኝ ለካ ለዚህ ነበር። እኔ በቅናት ነው ብዬ ነበር።

አንድ መጽናኛ ግን አገኘሁ። «ሰላም» በእኛ ፊደል ሦስት ቦታ ይይዛል፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ አምስት። በዚህ ስሌት በአማርኛ የሰየመ ሰው በ260 ውስጥ ብዙ ትውልድ ያኖራል። ይህን ለልጁ ስነግረው «እውነትዎን ነው፤ አንባቢው ካወቀበት» አለኝ። ልጁ እናቱን ነው የሚመስለው፤ አመስግኖ ይወጋል።

ሥራው ራሱ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ሲ ድራይቭ ላይ፣ ከሥሩ አጠገብ፣ «ቴምፕ» የምትባል ባዶ ፎልደር ሠራ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል አራት ሆሄ ብቻ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ዕቃ የሚያራግፍበትን አድራሻ የሚጽፍባቸው ሁለት መስመሮች አሉ፤ እነሱን ወደዚያች ፎልደር አዞራቸው። አጥፍቶ አበራው። ፎርማት የለ፣ ጸሎት የለ። ስሜም እንደ ቆመ ቀረ። ሾፌሩ በእኔ ግቢ ማለፉ ቀርቶ ከዋናው መንገድ ዳር አራገፈ።

«ኔክስት»፣ «ኔክስት»፣ «እስማማለሁ»። አረንጓዴው መስመር ሁሌ የሚወድቅባት ቦታ ሲደርስ ሦስታችንም ትንፋሻችንን ያዝን። አለፋት። ፕሪንተሩ አንድ ሁለቴ አጓራና፣ የዛሬ ሳምንት በመዳፌ የመታሁትን ሳያስብ፣ የሙከራ ወረቀት ተፋ። ባለቤቴ ወረቀቱን ከነሙቀቱ አንሥታ «ይኼ ሁሉ ጣጣ በስምህ የተነሣ ነው አይደል?» አለች። ከመቃብር በላይ ስም ነው የሚቀረው ልላት ነበር። ተውኩት።

ሲመሽ ልጁን የሚያደርስ ታክሲ በስልክ ጠራሁ። ካርታ ያለው፣ ከሰማይ የሚመራ ዘመናዊ ነገር ነው። ልጁ «አያችሁ፣ በትክክለኛ አድራሻ እንዲህ ነው» አለ። ጥቂት ቆይቶ ስልኬ ጮኸ።

«አባቴ፣ ካርታው እዚህ አስፋልቱ ላይ አድርሶ ጣለኝ። የት ጋ ናችሁ?»

ወደ ልጁ ሰረቅ አድርጌ አየሁ። ኮንቴይነር ልል አፈርኩ። ግን ሌላ ምን አለኝ? የቤት ቁጥራችንን እኔም አላስታውሰውም።

«ሰማያዊው ኮንቴይነር የነበረበት ጋ ታጠፍ» አልኩት።

ልጁ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«እ! ሲጋራና ካርድ የምትሸጠዋ ልጅ የነበረችበት?»

«እሱ ጋ።»

«እሺ» አለና ዘጋው።

ሳጥን አልመጣም። ልጁ ሦስተኛውን ቡና ሳይጨርስ፣ ከጥቁሩ በር ፊት ለፊት ክላክስ ተሰማ።